ያለፈው ወር የትኛው ነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። ገበያ ውሎ የተመለሰ ነጋዴን «ገበያው እንዴት ዋለ?» ብለን ብንጠይቀው፣ ብዙውን ጊዜ የሸጠውን ብር ቈጥሮ አይነግረንም። «ከአምናው ይሻላል» ወይም «ከባለፈው ቅዳሜ ቀዝቅዟል» ይለናል እንጂ። ቍጥር ለብቻው ቆሞ አይናገርም፤ የሚናገረው ከሌላ ቍጥር ጎን ሲቆም ነው። ስለዚህ ያለፈውን ጊዜ ሽያጭ ከአሁኑ ጋር ማነጻጸር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ጥበብ አይደለም፤ ከሚዛንና ከመስፈሪያ ጋር አብሮ የኖረ የንግድ ሥራ መሠረት ነው።

ዛሬ ግን ይህን የማነጻጸር ሥራ በብዙ ስፍራ የሚሠራው ቀመር ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየንግድ ድርጅቱ «ዳሽቦርድ» የሚሉት ነገር ገብቷል። የመኪና ነጂ ፍጥነቱንና ነዳጁን ዓይኑን ጣል አድርጎ የሚያይበት ሰሌዳ ከፊቱ እንዳለ ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁም የድርጅቱን ሽያጭ በአንድ ገጽ ላይ ያይበታል። በገጹ ላይ ቍጥር አለ፤ ከቍጥሩም ጎን ቀስት አለ። ቀስቱ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ላይ ካመለከተ ደስታ ነው፤ ቀይ ሆኖ ወደ ታች ካመለከተ ግን ቍጣ ነው። ለመሆኑ ቀስቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያዞረው ምንድን ነው? «ካለፈው ወር»፣ «ካለፈው ዓመት» ሲባልስ ያለፈው የተባለው የትኛው ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛም በአንድ ስብሰባ ላይ ያየነው ነገር ባያሳስበን ኖሮ አንጠይቀውም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መጀመሪያ ላይ ለሌላ ጉዳይ ወደ አንድ የንግድ ድርጅት ሄደን ነበር። ድርጅቱ በአዲስ አበባ በልዩ ልዩ ሰፈሮች ሥጋ፣ ቅቤና አይብ የሚሸጡ መደብሮች አሉት። የምንፈልገው ሰው በስብሰባ ላይ ስለ ነበረ፣ ከአዳራሹ ጥግ ተቀምጠን እንድንጠብቅ ተፈቀደልን። በግድግዳው ላይ የየካቲት ወር ሽያጭ ካለፈው ዓመት የካቲት ጋር ተነጻጽሮ ይታያል። በአንደኛው ሰፈር ስም አጠገብ ያለው ቀስት እንደ ፍም የቀላ ነበር፤ ሽያጩ ከአምናው ወደ እኩሌታው በሚጠጋ ወርዷል ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ፀጉራቸው ወደ ሸበተው የሽያጭ ተቈጣጣሪ ዞር ብለው፣ «ምን ነካዎት? አምና እንዲህ አልነበሩም። የዘንድሮን ማበረታቻ የምንወስነው በዚህ ነው እኮ!» አሏቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ከአምናው ያነሰ አልሠራሁም፤ እንዲያውም አዲስ ደንበኞች አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ቍጥሩ እንዲህ ካለ ምን እላለሁ?» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ገጹን ያዘጋጀችው ወጣት የሪፖርት ሠራተኛ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። እጅዋን ልታነሣ ትልና መልሳ ታወርዳለች።

የስብሰባውን ፍጻሜ ወደ ኋላ እናመጣዋለን። አስቀድሞ ግን የቀመሩን ነገር ከሥሩ እንመልከት።

ኮምፒዩተር ቀንን እንደ ሰው አያውቀውም። ብዙ ሰው የሚሠራበት ኤክሴል የተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀን የሚያስቀምጠው በተራ ቍጥር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ቍጥሩ 1 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቀን ሁሉ አንድ አንድ እየተጨመረበት ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ለእኛ ዕንቍጣጣሽ ነው፤ ለኤክሴል ግን 45546 ነው። የቀን ቀመር የሚባለውም በዚህ ቍጥር ላይ እየደመረና እየቀነሰ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄድ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ «ኢዴት» የተባለው ቀመር የተሰጠውን ቀን በተፈለገው ወር ቍጥር ወደ ኋላ ይመልሳል፤ «ኢኦመንዝ» የተባለው ደግሞ የወሩን መጨረሻ ቀን ያወጣል። ፓወር ቢአይ በተባለው የዳሽቦርድ መሥሪያ ውስጥም «ሴም ፒሪየድ ላስት ይር» የሚባለው ቀመር በገጹ ላይ የተመረጡትን ቀኖች ወስዶ ባለፈው ዓመት የነበሩትን አቻዎቻቸውን ያመጣል፤ «ዴት አድ» የሚባለው ደግሞ በቀን፣ በወር፣ በሩብ ዓመት ወይም በዓመት የተፈለገውን ያህል ያንቀሳቅሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ቀላል ነው። ከአሁኑ ሽያጭ ላይ ያለፈውን መቀነስ፣ የቀረውን ላለፈው ማካፈል፣ የተገኘውንም በመቶ ማባዛት ነው። ያለፈው ሽያጭ ዜሮ በሆነ ጊዜ ግን፣ ማለትም መደብሩ አምና ገና ያልተከፈተ ወይም ተዘግቶ የነበረ እንደ ሆነ፣ ማካፈል ስለማይቻል በመቶኛው ባዶ መተው አለበት። ማካፈሉንና መቀነሱን የአራተኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል። ችግሩ ያለው «ያለፈው» ብለን በምንጠራው ጊዜ ላይ ነው።

አንደኛው ችግር እነዚህ ቀመሮች ሲሠሩ የታሰበው የጎርጎርዮስ አቈጣጠር መሆኑ ነው። እኛ ደግሞ 12 ወር ባለ 30 ቀን፣ 13ኛይቱ ወር ጳጉሜንም 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ 6 ቀን የምትሆንበት አቈጣጠር አለን። በዘመነ ሉቃስ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች፣ የ2016 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን ነው። የ2017 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ ግን በሴፕቴምበር 11 ቀን ዋለ። እንግዲህ ቀመሩን «የዛሬ ዓመት ይህ ቀን» ብለን ብንጠይቀው ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ተነሥቶ ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ይሄዳል። ያ ቀን ደግሞ በእኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀመሩ ዕንቍጣጣሽን ከዕንቍጣጣሽ ጋር ሳይሆን ከዋዜማው ጋር አነጻጸረ ማለት ነው። በዋዜማው ዶሮና ቅቤ፣ ሽንኵርትና ዕንቍላል ለመሸመት ገበያው እንዴት እንደሚጨናነቅ፣ በማግሥቱም ከተማው እንዴት ጸጥ እንደሚል የማያውቅ የለም። በዚህ ንጽጽር የበዓሉ ዕለት ሽያጭ ወድቆ ቢታይ ጥፋቱ የማን ነው?

ሁለተኛው ችግር የጳጉሜን ነገር ነው። «ካለፈው ወር» የሚለውን ቀመር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ያዘጋጀ ሰው ጳጉሜንን እንደ አንድ ወር ቢቈጥራት፣ የመስከረም 30 ቀን ሽያጭ ከጳጉሜን 5 ቀን ሽያጭ ጋር ይነጻጸራል። የየቀኑ ሽያጭ ምንም ሳይለወጥ ድርጅቱ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት እጥፍ ያደገ ይመስላል። ይህስ የሚያስቅ ስለ ሆነ ቶሎ ይታወቃል። የማያስቀውና የማይታወቀው በሩብ ዓመቱ ውስጥ የተደበቀው ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን የሚፈጸመውም ሰኔ 30 ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይይዛል፤ ይኸውም 95 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96 ቀን ነው። የቀሩት ሦስቱ ሩብ ዓመቶች ግን እያንዳንዳቸው 90 ቀን ናቸው። አንድ መደብር ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ 10,000 ብር ይሸጣል እንበል። በመጀመሪያው ሩብ ዓመት 950,000 ብር፣ በሁለተኛው 900,000 ብር ይሸጣል። ዳሽቦርዱም «ሽያጭ ከ5 በመቶ በላይ ወርዷል» ብሎ ቀዩን ቀስት ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ይጠራል፤ ምክንያት ይፈለጋል፤ «የተወዳዳሪዎች መብዛት»፣ «የሠራተኛው መድከም» እየተባለ በሪፖርቱ ይጻፋል። ከወንዶቹም ከሴቶቹም የደከመ አንድም ሰው የለም፤ ያነሱት አምስቱ ቀኖች ናቸው።

ሦስተኛው ችግር ያላለቀን ወር ካለቀ ወር ጋር ማነጻጸር ነው። ሥራ አስኪያጁ ገጹን በወሩ በ12ኛው ቀን ቢከፍቱ፣ የ12 ቀን ሽያጭ ከሙሉ 30 ቀን ጋር ተነጻጽሮ ያገኙታል። ይህን የመሰለ ቀስት በየወሩ መጀመሪያ ይቀላል፤ በየወሩም መጨረሻ ቀስ እያለ ይድናል። መድኀኒቱ ቀመሩ የመጨረሻው ሽያጭ የተመዘገበበትን ቀን አይቶ፣ ካለፈው ወርም እስከዚያው ቀን ያለውን ብቻ እንዲወስድ ማዘዝ ነው፤ አሥራ ሁለት ቀን ከአሥራ ሁለት ቀን ጋር ማለት ነው።

የሳምንቱ ቀንም ቀላል ነገር አይደለም። 30 ቀን ባለው ወር ውስጥ ሁለት ዕለቶች አምስት አምስት ጊዜ ይመጣሉ፤ የቀሩት አራት አራት ጊዜ ብቻ ነው። ገበያው ቅዳሜ ለሚቆምበት ከተማ አምስት ቅዳሜ ያለው ወርና አራት ቅዳሜ ያለው ወር እኩል አይደሉም። ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ብዙ የችርቻሮ ነጋዴዎች ዓመቱን በሳምንት ከፍለው፣ አራት፣ አምስትና አራት ሳምንት ባላቸው ወሮች ይቈጥራሉ። ቅዳሜ ከቅዳሜ ጋር እንዲገጥም ብለው ነው። 52 ሳምንት ግን 364 ቀን ብቻ ስለሚሆን፣ የጐደለውን ለመሙላት በየጥቂት ዓመቱ 53ኛ ሳምንት ይጨምራሉ፤ እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ2023 እንዲህ አድርገዋል። በሚቀጥለውም ዓመት 52ቱን ሳምንት ከ53ቱ ጋር ሲያነጻጽሩ የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የበዓልና የጾም መዘዋወር ነው። አሁን ወደ ስብሰባችን እንመለስ።

ወጣቲቱ በመጨረሻ እጅዋን አነሣችና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የእኔ ገጽ ነው» አለች። ሁሉም ዞር ብሎ አያት። «እንዴት ልጄ?» አሏት ሥራ አስኪያጁ። እርስዋም ከግድግዳው ላይ የቀን መቍጠሪያውን አውርዳ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የዚያ ሰፈር ደንበኞች አብዛኛዎቹ ጾመኞች መሆናቸውን ተናግራ ቀኖቹን አንድ በአንድ መቍጠር ጀመረች።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን ስለ ሆነ፣ ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ቀን ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት የካቲት ከዐቢይ ጾም ውጭ ነበር። በወሩ ውስጥ አራት ረቡዕና አምስት ዓርብ ነበሩ፤ የነነዌ ጾምም ከየካቲት 18 እስከ 20 ስለ ዋለ፣ ከረቡዕ ሌላ ሁለት ቀን ጨመረ። የጾሙ ቀን በጠቅላላው 11፣ የፍስኩ ቀን 19 ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ሆነ፤ ዐቢይ ጾምም የካቲት 17 ቀን ገባ። ከዚያ በፊት ያሉት ረቡዕና ዓርብ፣ የነነዌም ጾም ተደምረው 6 ቀን፣ ከዚያ ወዲያ 14 ቀን፣ በጠቅላላው የጾሙ ቀን 20 ሆነ። የፍስኩ ቀን 10 ብቻ ነው። ስሙ ያው የካቲት ነው፤ ቍጥሩም ያው 30 ነው። ለሥጋና ለቅቤ ሻጭ ግን አንዱ የ19 ቀን ገበያ፣ ሌላው የ10 ቀን ገበያ ነው።

ነገሩ ለአንባቢያችን ግልጽ እንዲሆን ቀለል ያለ ምሳሌ እንስጥ። አንድ መደብር በጾም ቀን ምንም አይሸጥም እንበል። አምና በየፍስኩ ቀን 100 ኪሎ ቢሸጥ በየካቲት 1,900 ኪሎ ይሸጣል። ዘንድሮ በርትቶ በየፍስኩ ቀን 110 ኪሎ ቢሸጥ በየካቲት የሚሸጠው 1,100 ኪሎ ነው። ዳሽቦርዱ «42 በመቶ ወረደ» ይላል፤ እውነቱ ግን በእያንዳንዱ የገበያ ቀን 10 በመቶ ማደጉ ነው። በአዳራሹም የሆነው ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነበር። የሽበታሙ ተቈጣጣሪ ሽያጭ ለፍስኩ ቀኖች ሲካፈል ከአምናው በጥቂቱ በልጦ ተገኘ።

እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ግን ወጣቲቱ ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነው። «ሚያዝያ ሲመጣ ቀስቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያን ጊዜም በከንቱ እንዳያመሰግኑን» አለች። እውነቷን ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ ዕለት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የነበረው የፍስክ ቀን 4 ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለ ዋለ፣ በበዓለ ኀምሳም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ የፍስኩ ቀን 19 ሆነ። በየካቲት ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ሰው በሚያዝያ ያለ ሥራው ሊመሰገን ነው። ያለ ጥፋት ወቀሳ ሰውን ይጐዳል፤ ያለ ሥራ ምስጋናም ድርጅቱን ይጐዳል፤ ሰነፉ ከብርቱው አይለይምና።

ረመዳንም እንዲሁ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ፣ የረመዳን ወርና ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደሙ ይመጣሉ። ቴምርና ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን በገጹ ላይ ካላስገባ የዒዱን ገበያ ከተራ ሳምንት ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀመሩን መጣል አይገባም። ቀመሩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን መልሷል፤ የተሳሳተው ጠያቂው ነው። የሚያስፈልገው የቀን ሠንጠረዥ የሚባለውን በሚገባ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን፣ ሽያጭ የሌለበትም ቀን ቢሆን፣ አንዲት መስመር ይኖረዋል። በመስመሩም ላይ የጎርጎርዮሱ ቀን፣ የኢትዮጵያው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ በጀት ዓመቱና ሩብ ዓመቱ፣ የሳምንቱ ዕለት፣ ጾም ወይም ፍስክ መሆኑ፣ በዓል ወይም ዋዜማ መሆኑ፣ መደብሩ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ይጻፋል።

ከዚህም ጋር ለእያንዳንዱ ወር የማይቋረጥ ተራ ቍጥር መስጠት ይጠቅማል። ዓመተ ምሕረቱን በ13 አባዝቶ የወሩን ቍጥር መጨመር ነው። የካቲት ስድስተኛ ወር ስለ ሆነ፣ የካቲት 2017 ሲሰላ 2017 በ13 ተባዝቶ 26,221፣ ከ6 ጋር 26,227 ይሆናል። ያለፈውን ወር ለማግኘት አንድ፣ ያለፈውን ዓመት ያንኑ ወር ለማግኘት 13 መቀነስ ነው፤ 26,214 ብሎ የካቲት 2016ን ያመጣል። ቀመሩ በጎርጎርዮስ ወሮች መካከል መንገድ አይስትም። ጳጉሜንን ለብቻዋ ማቆም የማይፈልግ ድርጅት ከነሐሴ ጋር ቢደምራትና ማባዣውን 12 ቢያደርገው ይችላል፤ ነገር ግን አንዴ የወሰነውን በየዓመቱ መለዋወጥ የለበትም፤ ነሐሴም 35 ወይም 36 ቀን መሆኑን በገጹ ላይ መጻፍ አለበት።

በመጨረሻም ከጠቅላላው ሽያጭ ጎን የቀን አማካዩን ማሳየት ነው። ሽያጩን ለቀኑ ብዛት ሳይሆን በእውነት ገበያ ለነበረባቸው ቀኖች ማካፈል፣ የበዓልንም ሳምንት ከበዓል ሳምንት ጋር ማነጻጸር ይገባል። ከብሩም ጎን ኪሎውን ወይም ቍጥሩን ማስቀመጥ መልካም ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ብር ከዚያ በፊት ካለው ጋር ብቻ ቢያነጻጽር፣ ያነሰ ዕቃ ሸጦ ያደገ ሊመስለው ይችላል።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች፣ ዛሬ ወይም ነገ ይህን የመሰለ ገጽ በእጃችሁ የምታዘጋጁ ናችሁ። ቀዩን ወይም አረንጓዴውን ቀስት ከመስቀላችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ያለፈው ያልነው ጊዜ የትኛው ነው? በሁለቱ ጊዜያት ውስጥ ስንት የገበያ ቀን አለ? በዓልና ጾም ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘዋውሯልን? የተለወጠው ዕቃው ነው ወይስ ዋጋው? መልሱንም ከቀስቱ ሥር በአጭሩ ጻፉት፤ ተመልካች ሁሉ ቀመር አያነብምና። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ በሪፖርት የፈሰሰ የሰው ስም ግን ተለቅሞ አያልቅም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሽበታሙ ተቈጣጣሪ በበሩ አጠገብ ቆመው ወጣቲቱን ሲጠብቋት አየን። ስትደርስም፣ «ተባረኪ ልጄ! እኔ እኮ እውነትም ያረጀሁ መስሎኝ ነበር» አሏት። እርስዋም የቀን መቍጠሪያውን ጠቅልላ እንደ ያዘች ሳቅ ብላ እጅ ነሣችና ገጹን ልታስተካክል ወደ ክፍሏ ሄደች።